ወረቀት ላይ ያልወጣው መስመር

ሥራ ያቆምኩት ዓይኔ ስለደከመ ነው እያልኩ ለሰው እናገራለሁ። ውሸት አይደለም። ቀኝ እጄም ከአውራ ጣቴ አንስቶ እስከ ክርኔ ያመኛል፤ ሐኪሙ ማውስ መያዝ ቀንሺ ካለኝ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቢሮው አዲስ ፕሮግራም አስገባ። በአዲሱ ፕሮግራም ግድግዳ ሁለት መስመር መሆኑ ቀርቶ ራሱ ግድግዳ ሆኗል፤ ውፍረቱን ያውቃል፣ ቁመቱን ያውቃል፣ በር ሲያስገቡበት በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ሥልጠና የምትሰጠንን ወጣት፣ "ሌየሩን የት ነው የማገኘው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እዚህ ብዙም አያስፈልግዎትም፣ እትዬ አስቴር" አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ።

ከእርሳስ ወደ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን እያየሁ፣ እንደገና ከሀ ለመጀመር የሚሆን ጉልበት ውስጤ ብፈልግ አጣሁ። በወሩ መጨረሻ ማመልከቻዬን አስገባሁ።

ሌየር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ ቤት ሲነደፍ ግድግዳው፣ ኮለን የሚባለው ምሰሶ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት ገመዱ፣ ልኬቱና ጽሑፉ ሁሉም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ። አንድ ላይ ከተሰመሩ ማንም አያነባቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው በሚታይና በሚደበቅ ንብርብር ላይ ይቀመጣል፤ መስተዋት በመስተዋት ላይ እንደ መደረብ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ የመብራቱ ይጠፋና ግድግዳውና ቧንቧው ብቻ ይቀርለታል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ቧንቧው ይደበቃል። እያንዳንዱ ንብርብር፣ ማለትም ሌየር፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ የመስመር ውፍረት አለው። የኔ ሥራ ይኸው ነበር። ሌሎች ያሰቡትን ቤት እኔ ከፋፍዬ በየቦታው አስቀምጥ ነበር።

ይህን ያስተማረኝ ግን ኮምፒውተር አይደለም። ጋሽ ወርቅነህ ናቸው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት የግንባታ መሥሪያ ቤት ነው። ደመወዙን ልተወው፤ ከቤት ኪራይ የሚተርፈው አገር ቤት ላሉት ታናናሾቼ ይሄድ ነበር። የተመደብኩት የንድፍ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ዘንበል ያሉ ጠረጴዛዎች ተደርድረውበታል። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቅነህ ከወሎ በመንግሥት ሥራ ተዛውረው መጥተው፣ እዚሁ ሐዋሳ ትዳር ይዘው የቀሩ ሰው ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ ብዙ አይናገሩም። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ።

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ድገሚው።"

የቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን እሳቸውም ከሻይ በኋላ፣ ሰው ከጨበጡ በኋላ፣ ጋዜጣ ካነበቡ በኋላ ይታጠቡ ነበር። ትሬሲንግ ወረቀት የሚባለው ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ ወረቀት ላብ አይወድም። ላብ የነካው ቦታ ላይ ቀለሙ ይሸሻል፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ከተሳሳቱ ምላጭ አምጥተው ቀለሙን ብቻ ይፍቁታል፤ ወረቀቱ ምንም አይሆንም። እኔ ስፍቅ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። "ምላጩን አትጫኚው፤ ክብደቱ ይበቃዋል" ይሉኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወረቀት በወረቀት ላይ አደራረባቸው ነው። ከሥር የግድግዳው ወረቀት ይነጠፋል። በላዩ ሌላ ንጹሕ ትሬሲንግ ይዘረጋና የውሃው መስመር ብቻ ይሰመርበታል። በሌላ ወረቀት የመብራቱ። በአራቱም ማዕዘን ላይ ትንንሽ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ካልወደቁ ሥራ አይጀመርም። ምልክቶቹን ሲያገጣጥሙ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። እኔም ሳላውቀው አብሬያቸው እይዝ ነበር።

ሥራ ካለቀና ኮፒው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ማንም የማይወድላቸው ልማድ ነበራቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ብጫ እርሳስ ይይዙና በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያስኬዱታል። ያዩትን ሁሉ ብጫ ያደርጉታል። ብጫ ያልሆነ መስመር ካለ አላዩትም ማለት ነው። አለቆች ይቆጣሉ፤ ደንበኛ በር ላይ ይጠብቃል፤ እሳቸው ቀና አይሉም።

በኋላ ኮምፒውተር መጣ። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር አንድ የማሠልጠኛ ቤት ገብቼ ከሥራ በኋላ ተማርኩ። መሥሪያ ቤቱ ሲዋቀርና ሲፈርስ እኔም ተዛወርኩ፤ የውሃ ሥራዎች ጋ ዓመታት የቧንቧ መስመር ነደፍኩ፤ አንዱ አለቃ ጥሩ ነበር፣ አንዱ ሰነፍ ነበር፣ አንዱ ስሜን ሳያውቅ ሄደ። በመጨረሻ ኢንጂነር ሳሙኤል የሚባል ወጣት ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ካፌ በላይ፣ የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተና ቀጠረኝ። ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ሥራ ሲበዛብን፣ "ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ወጥተው ቤት ተቀምጠዋል፤ ለምን አታመጣቸውም?" አልኩት።

"ኮምፒውተር ይችላሉ?"

"እኔ አስተምራቸዋለሁ።"

መጡ። ሌየር የሚባለውን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። አንዱን አጠፋሁ፣ አንዱን አበራሁ።

"ይኼማ የኔው ትሬሲንግ ነው!" አሉ። "እና ይኼን ለመማር ነው ስፈራ የከረምኩት?"

ከብዙ ወጣት ፈጥነው ያዙት። ስም አወጣጡን ሁሉ ሥርዓት አስያዙልን፤ የግድግዳ፣ የውሃ፣ የፍሳሽ፣ ነባር ቤት፣ የሚፈርስ ቤት፣ ሁሉም የየራሱ ሌየር ኖረው። የማንም ሰው ፋይል ሲከፈት አዲስ መጪ ሰው የሚያነበው ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራቸው ነበር።

"ወረቀት ላይ ስሠራ የቱ ወረቀት ላይ እንዳለሁ እጄ ያውቀዋል" አሉኝ። "ይኼ ግን አይነግረኝም።"

"ይነግራል ጋሼ። እዚህ ላይ ተጽፏል።"

"እሱንማ ካየሁት ነው።"

ሳቅን። እውነታቸውን ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ መስመር የሚሰመረው በዚያች ሰዓት ክፍት በሆነው ሌየር ላይ ነው። ሰውየው ሌላ ሌየር ላይ ያለ ቢመስለውም መስመሩ እዚያው ይቀመጣል፤ ማሽኑ ዝም ይላል።

የምሥራቁ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ነጋዴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ፈለገ። ቦታው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የእትዬ ዘነበች ቤት አለ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጡረታ የሚኖሩ እናት ናቸው። የማድቤታቸው የጭቃ ግድግዳ አጥሩ ላይ ተለጥፏል። የሐዋሳ አፈር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ነጭ ቀላል ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለበት ልቅ አፈር ነው፤ ሲቆፍሩት ከጎን ይፈሳል። ጋሽ ወርቅነህ ቦታውን ሄደው አዩ። ተመልሰው የሴፕቲክ ታንኩን፣ ማለትም የፍሳሽ ማጠራቀሚያውን ጉድጓድ ከአጥሩ አርቀው ነደፉትና በእሱና በአጥሩ መካከል ቀይ የተቆራረጠ መስመር አሰመሩ። በላዩም "ከዚህ መስመር ወዲያ አይቆፈር" ብለው ጻፉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ሥራው ባለቀ ዕለት መብራት አልነበረም። የኛ ማተሚያ ማሽንም ተበላሽቶ ነበር። የኮንትራክተሩ ሰው ቢሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል።

"ፋይሉን ከላፕቶፑ በፍላሽ ስጡትና ጄኔሬተር ያለው ማተሚያ ቤት ወስዶ ያሳትመው" አለ ኢንጂነሩ።

"ወረቀቱን ሳላየው?" አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

"ጋሼ፣ ሲሠሩት ስክሪኑ ላይ አይተውት የለም እንዴ? ወረቀቱ ሌላ አይሆን። ሰውየው ሦስት ቀን ተመላልሶብናል።"

ጋሽ ወርቅነህ ብጫ እርሳሳቸውን በጣታቸው ሲያገላብጡ ትዝ ይለኛል። ከዚያ "እሺ፣ ይሁን" አሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ "እሺ፣ ይሁን" ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ። አንስቶ አዳመጠና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ምሥራቁ ሥራ ላይ ግድግዳ ተንዷል። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነበር" አለ።

በባጃጅ ሄድን፤ ሦስታችንም አንድ ላይ ተጣብቀን። ስንደርስ ሰውየውን አውጥተው ሆስፒታል ወስደውታል። ሀሜሶ ይባላል፤ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሚስትና ሕፃን ልጅ አለው። ግድግዳው እግሩ ላይ ነው የወደቀበት። ጉድጓዱ የተቆፈረው አጥሩ ሥር ነው። የማድቤቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሄዷል፤ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጫፉ ላይ ቆመዋል፤ ድስታቸውና ሰሐናቸው ከሥር አፈር ውስጥ ይታያል።

ፎርማኑ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደኛ መጣ። "ባለቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ይተርፈኝ፣ ወደ ጥግ አስጠጉት አለ" አለን። "እኔም ወረቀቱን አየሁ። የሚከለክል ነገር አጣሁበት። ብታዩት ይኸው።"

ጋሽ ወርቅነህ ወረቀቱን ተቀብለው መሬት ላይ ዘረጉት። በጉልበታቸው ተንበረከኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። በጣታቸው ከጉድጓዱ ወደ አጥሩ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ።

"አስቴር፣ ያንቺ ዓይን ደህና ነው" አሉኝ። "መስመሯ ትታይሻለች?"

ጎናቸው ተንበረከኩ። ጉድጓዱ አለ፣ አጥሩ አለ፣ በመካከላቸው ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

"የለችም ጋሼ።"

ቢሮ ተመልሰን ፋይሉን ከፈትኩት። መስመሩ አለ፤ ቀይ ሆኖ፣ ጽሑፉም ከነሙሉነቱ። ተጫንኩና የተቀመጠበትን ሌየር ስም አነበብኩ። ያን ቀን ነው ያወቅነው፤ ፕሮግራሙ ልኬት በተጻፈ ቁጥር የልኬቱን ነጥቦች የሚያስቀምጥበት፣ በራሱ የሚፈጥረው አንድ ሌየር አለ። እዚያ ላይ የተሰመረ ነገር ሁሉ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ወረቀት ላይ አይወጣም። እንዲያ ተብሎ የተሠራ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ንድፉን በሠሩበት ቀን ልኬት ሲያስተካክሉ ቆይተው፣ ሳያውቁት በዚያው ሌየር ላይ እንዳሉ መስመሩን አሰምረዋል። ነገርኳቸው። የሌየሩን ስም ራሳቸው ደግመው አነበቡት።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሆነ። የማረፊያው ባለቤት መጣ፤ ኮንትራክተሩ አቶ ክፍሌ መጣ፤ የእትዬ ዘነበች ልጅ መጣ። ኢንጂነር ሳሙኤል ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ላፕቶፑን ወደ እነሱ አዞረ።

"እኛ ከልክለናል። ይኸው መስመሩ። ይኸው ጽሑፉ። እናንተ ናችሁ የጣሳችሁት።"

አቶ ክፍሌ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ለእኔ ላፕቶፕ አይደለም የሰጣችሁኝ፤ ይህንን ነው። አሳየኝ፣ የታለ?"

"እሱ የማተሚያ ቤቱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ወይም..." አለ ኢንጂነሩ። ዓይኑ ወደኛ አልመጣም።

ኢንጂነሩ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ጠዋት አስረድቼዋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ካፌው ጎን ነው፤ የሚሠሩትን ሁለት ወንድማማቾች በስም አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ወርቅነህ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ማተሚያ ቤቱ ምንም አላደረገም" አሉ። "መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የማይታተም ቦታ ላይ ነው ያሰመርኩት፤ አላወቅኩም ነበር። አለማወቄን ግን ወረቀቱን ባየው ኖሮ አውቀው ነበር። አላየሁትም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ሰው የሚያውቀው ወረቀቱን ነው።"

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለ ኢንጂነሩ፤ ድምፁ እንደ ልመና ነው።

"ልጄ፣ ቆሜ ልናገረው።" ወደ እትዬ ዘነበች ልጅ ዞሩ። "ለእናትዎ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

አቶ ክፍሌ ወረቀቱን እያጠፈ፣ "እኛም ሳንጠይቅ ማዛወር አልነበረብንም" አለ። የሕክምናውንና የግድግዳውን ወጪ ቢሮው፣ ኮንትራክተሩና ባለቤቱ እንዲካፈሉ ተስማሙ።

ሰዉ ሲወጣ ኢንጂነሩና ጋሽ ወርቅነህ ብቻ ለብቻ ሆነው ሲነጋገሩ በበሩ በኩል እሰማ ነበር። "ዝም ቢሉ ኖሮ ቢሮው ከዚህ ዕዳ ይተርፍ ነበር" ሲል ሰማሁት። እሳቸውም "አንተ ገና ብዙ ትሠራለህ፤ በዚህ አትጀምር" አሉት። ከዚያ ወጡና ጃኬታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ።

"ነገ ይመጣሉ አይደል?" አልኳቸው።

"አይ፣ አልመጣም።"

አባረራቸው ብዬ በኢንጂነሩ ላይ ወራት ቂም ይዤ ነበር። በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ማንም አላባረራቸውም። እንዲያውም ኢንጂነሩ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለምኗቸዋል። "እጄ ማሽኑ ላይ አልሄድ አለኝ" ብለው ነው የቀሩት።

ሀሜሶ ጋ ሆስፒታል አብረን ሄድን። እሱ አማርኛ ሲናገር ይከብደው ስለነበር እኔ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ አስተረጎምኩ። ጋሽ ወርቅነህ የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩት፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። ሀሜሶ ወደኔ ዞረ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ "ይኼ ሽማግሌ ሊያሳስረኝ ነው ወይስ ይቅርታ ሊለኝ ነው የመጣው?"

"ይቅርታ ሊልህ።"

"እንግዲያው ይቀመጥ በይው። ቆሞ ሰለቸው።"

እግሩ ዳነ፤ ግን ያነክሳል። ቁፋሮ ሊሠራ አልቻለም። በኋላ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የብሎኬት ማምረቻ ጥበቃ ሆነ፤ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው ሰው ጠይቀው ያስገቡት። በቂ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። ሀሜሶም በቂ ነው ብሎ አያውቅም።

እሳቸው ቤታቸው ሆነው ለብረት ሠራተኞች የበርና የመስኮት ንድፍ በእርሳስ እየሠሩ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድላቸው ነበር። ሲሞቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ እኔ የሌላ እምነት ሰው ስለሆንኩ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ኢንጂነር ሳሙኤልም ግንቡ ጋ ብቻውን ቆሞ ነበር። መጥቶ ጎኔ ቆመ።

ከዚያ አደጋ በኋላ ቢሮው ውስጥ ሳይታይ የወጣ ወረቀት የለም። ኢንጂነሩ ራሱ ነው ሕጉን ያወጣው። የማየቱ ሥራ ግን የኔ ሆነ። ሰው እንዴት እንደሚደክም በዚያ ነው ያወቅኩት። ንድፍ ስሠራ አይደክመኝም ነበር። ማየቱ ነው የጨረሰኝ፤ ዓመት ከዓመት፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሌለውን መስመር መፈለግ። ያለውን ማየት ቀላል ነው። የጎደለውን ለማየት ሙሉ ቤቱን በጭንቅላት መሸከም ያስፈልጋል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት እጄ ፋይል ወደ መክፈት ይሄድ ነበር። ለንድፍ ሠራተኛ የሚደወለው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ኮለኑ መስኮቱ መሐል ወጣ፣ ደረጃው ከቢሙ፣ ከአግዳሚው ተሸካሚ፣ ጋር ተጋጨ። ቤቱ ደህና ሆኖ ሲያልቅ ማንም ስልክ አያነሳም።

እናም ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተኝቼ አሳለፍኩ ማለት ይቻላል።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ታምራት መጣ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ በወሰደው ቦታ ላይ ቤት ሊጀምር ነው። ጥቅል ወረቀት ይዟል። "ሌላ ቢሮ ባለች ልጅ ነው ያሠራሁት፤ አንቺን ላለማድከም ብዬ" አለኝ። "ግን አንቺ ሳታይው አልቆፍርም።"

ደክሞኛል ልለው ፈልጌ ነበር። ምሳ ያነሳንበትን ጠረጴዛ ጠረግኩና ወረቀቱን ዘረጋሁት። በአዲሱ ፕሮግራም የተሠራ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አየሁት። ከአጥር ያለውን ርቀት፣ ከጎረቤት ግድግዳ፣ ከመሠረቱ እስከ ጣራው። የውሃውን ከመብራቱ፣ ኮለኑን ከበሩ። አንድ ቦታ ላይ ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ እርሳስ አነሳሁ፤ ደግሜ ሳየው የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ሁሉንም አስባበታለች።

"እና?" አለ ታምራት።

"ምንም የለበትም።"

"ምንም?"

"ምንም። ይቆፈር።"

ወረቀቱን ጠቅልሎ ተነሣ። እንዲህ ስል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግማሹ ደስ አለኝ። ግማሹ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማላስፈልግ ሰው ሆኜ የቀረሁ መሰለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ጠራሁትና የሠራችውን ልጅ ስልክ ቁጥር ስጠኝ አልኩት።

ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ፣ የታምራት እህት መሆኔን፣ የንድፍ ሠራተኛ የነበርኩ መሆኔን ነገርኳት። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ።

"ምን ተገኘበት?" አለች። "የፍሳሹ ነው? ቆይ ፋይሉን ልክፈተው።"

"አትክፈችው። ምንም አልተገኘበትም። ሙሉውን አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ "አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ" አለች። "ሌላ... ሌላ ነገር የለም?"

"ሌላ ነገር የለም፣ ልጄ። በርቺ።"